ኪ ሲግኔቸርን ሳትሸመድዱ እወቁት፦ የአምስተኞቹ ክብ በእጅና በጆሮ

ኖታ ማንበብ የጀመረ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጋጨው አንድ ነገር አለ። ከመስመሩ መጀመሪያ፣ ከክሌፉ (የኖታዎቹን ቦታ ከሚነግረው ምልክት) ቀጥሎ ሦስት አራት ሻርፕ (ኖታን በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ) ወይም ፍላት (በግማሽ ዝቅ የሚያደርግ) ተደርድሮ ያያል፤ ኪ ሲግኔቸር የሚባለው ይህ ድርድር ነው። “ይሄ ደግሞ ምን ኪ ነው?” ይላል፣ ዘፈኑ መነሻና ማረፊያ ያደረገው የትኛውን ኖታ ነው ማለቱ ነው፤ ከዚያ ወይ ስልኩ ላይ ይፈልገዋል፣ ወይ ወረቀቱን አስቀምጦ የኪቦርዱን ትራንስፖዝ (ጣት ሳይቀየር ድምፁን ወደ ሌላ ኪ የሚወስደውን ቁልፍ) ይጫናል።

እዚህ ሐዋሳ ኪቦርድ የማስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ ከየቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን የሚመጡ ናቸው። ጆሯቸው የሚደንቅ ነው፤ አንድ መዝሙር ሁለቴ ከሰሙ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) ያገኙታል። ግን የሚያገኙት በነጭ ቁልፎች ብቻ በሚሠሩት በሲ ሜጀር ወይም በኤ ማይነር ነው። የቀረውን ሁሉ ትራንስፖዝ ይሠራላቸዋል። ትራንስፖዝ ጠቃሚ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ የሚመጣው ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ “ስንት ላይ ናችሁ?” ብሎ ሲጠይቅ ነው። ጣቱ ሲ ላይ ነው፣ ድምፁ ኢ ፍላት ነው፣ ተጫዋቹም የትኛውን እንደሚመልስ አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ጊታር ብቻ ሲቀር ወይም አንድ አዳራሽ ውስጥ እውነተኛ ፒያኖ ሲገጥመው ደግሞ የሚጫነው ቁልፍ የለም።

አሥራ አምስት ሜጀር ኪ ሲግኔቸሮች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ማይነር ስትጨምሩ 30 ይሆናል። ሠላሳውን ከሰንጠረዥ እንድትሸመድዱ አልመክርም። የሸመደደ ሰው ከሳምንት በኋላ “ኤ ፍላት ሦስት ነበር አራት?” ይላል። ሠርቶ ያገኘው ሰው ግን ቢረሳ እንኳ እንደገና ይሠራዋል። ስለዚህ እንሥራው።

የሚያስፈልጋችሁ ኪቦርድ፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ነው። ባለ 61 ቁልፉ ኪቦርድ ከበቂ በላይ ነው፤ ከሌለ የስልክ ፒያኖ አፕም ይሆናል። የኖታዎቹን ስም ኪቦርድ ተጫዋቾች እንደሚሉት በፊደል እጠራቸዋለሁ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ዶ ሬ ሚ ብላችሁ የተማራችሁ ካላችሁ፣ እዚህ ሲ የምለው የእናንተን ዶ ነው፤ የእናንተ ሲ ደግሞ እዚህ ቢ ነው።

መጀመሪያ ስኬሉን ለሁለት ክፈሉት

ስኬል ማለት ከአንድ ኖታ ተነስተው እስከ ቀጣዩ ስመ ተመሳሳይ ድረስ በተርታ የሚወጡ ኖታዎች ናቸው። ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ነጮቹን ብቻ ተጫወቱና ርቀታቸውን እዩ። ከአንድ ቁልፍ አጠገቡ ወዳለው ቁልፍ መሄድ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ግማሽ ድምፅ ነው። መሀል ላይ አንድ ቁልፍ ዘሎ መሄድ ሙሉ ድምፅ ነው። ከሲ ወደ ዲ ሙሉ፣ ከዲ ወደ ኢ ሙሉ፣ ከኢ ወደ ኤፍ ግማሽ። እዚህ ቁሙ፤ አራት ኖታ ሆነ። ቀጥሉ፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ይሄም ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ ነው። የታችኛው አራትና የላይኛው አራት አንድ ዓይነት ናቸው፤ በመሀላቸው፣ ከኤፍ እስከ ጂ፣ አንድ ሙሉ ድምፅ ክፍተት አለ። ሜጀር ስኬል የሚባለው እነዚህ ሁለት እኩያ ግማሾች ናቸው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ቁም ነገሩ ይመጣል። የሲን የላይኛውን ግማሽ ውሰዱና የአዲስ ስኬል የታችኛ ግማሽ አድርጉት። ማለትም ከጂ ተነሱ፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ይሄ ቀድሞውኑ ልክ ነው፣ ምንም አይነካም። ከዚያ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ብላችሁ ጨርሱት፣ ነጮቹን ብቻ።

ይህን ለአንዲት ተማሪዬ ስሰጣት ስለ ሻርፕ ገና ምንም አልነገርኳትም ነበር። ከጂ ተነስታ በቀኝ እጇ ቀስ ብላ ወጣች። ኤፍ ላይ ስትደርስ ጣቷን ሳታነሳ ቆመች። “ቲቸር፣ ይሄኛው አልተመቸኝም” አለች። የቱ ነው የሚመችሽ አልኳት። ጣቷን ከነጩ ወደ ጥቁሩ አሸጋገረች፣ ኤፍ ሻርፕን ነካች፣ ከዚያ ጂ ላይ አረፈች። ደግማ ተጫወተችው፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትጫወት እየዘመረች ነበር። የጂ ሜጀርን ኪ ሲግኔቸር ያገኘችው በጆሮዋ ነው። እናንተም እንደዚያው አድርጉት፤ መጀመሪያ ነጩን ኤፍ ስሙት፣ ከዚያ ጥቁሩን።

ምክንያቱ ይኸው ነው፦ የላይኛው ግማሽ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ መሆን አለበት። ከዲ ወደ ኢ ሙሉ ነው፣ ከኢ ወደ ነጩ ኤፍ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤፍ በግማሽ ከፍ ማለት አለበት። አንድ ሻርፕ።

አሁን የጂን የላይኛ ግማሽ ውሰዱ፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ። ከዲ የሚነሳ ስኬል አድርጉት፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። እንደገና ሦስተኛው ኖታ አይበቃም፤ ሲ ወደ ሲ ሻርፕ ይወጣል። የቀድሞው ኤፍ ሻርፕ ቦታው ላይ ነው፣ አዲስ የገባው አንድ ብቻ ነው። ይህን እስከ ሲ ሻርፕ ሜጀር ድረስ ቀጥሉት፦ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ። እያንዳንዱን በእጃችሁ ተጫወቱት፤ ይህን ዘላችሁ ቀጥሎ ወደምንሥለው ክብ አትሂዱ። ስትጨርሱ ሁለት ነገር ታስተውላላችሁ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ሻርፕ ብቻ ይጨመራል። ሁለተኛ፣ አዲሱ ሻርፕ ሁልጊዜ ሰባተኛው ኖታ ነው፤ ከመነሻው ኖታ ግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል።

ክቡን ሣሉ

ከሲ ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ዲ የሄዳችሁበት ርቀት አምስተኛ ይባላል። መነሻውን አንድ ብላችሁ ስትቆጥሩ አምስተኛው ኖታ ነውና፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ። በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር ሰባት ነው። ሰርክል ኦፍ ፊፍዝ፣ የአምስተኞቹ ክብ፣ የሚባለው ይህንኑ ጉዞ በክብ መጻፍ ነው።

ወረቀታችሁ ላይ የግድግዳ ሰዓት ሣሉ። 12 ላይ ሲን ጻፉ። 1 ላይ ጂ፣ 2 ላይ ዲ፣ 3 ላይ ኤ፣ 4 ላይ ኢ፣ 5 ላይ ቢ፣ 6 ላይ ኤፍ ሻርፕ። ቁጥሩ ራሱ የሻርፑን ብዛት ይነግራችኋል፤ 3 ላይ ያለው ኤ ሜጀር ሦስት ሻርፕ አለው። የእንግሊዝኛ ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ፦ እነሱ “ሦስት ሰዓት” ሲሉ ሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈውን 3 ማለታቸው ነው። እንደለመድነው ስድስት ቀንሳችሁ ወደ 9 ከሄዳችሁ፣ ኤን ትታችሁ ኢ ፍላት ላይ ታርፋላችሁ፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በክቡ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ፣ ከማንም በላይ የተራራቁ ኪዎች ናቸው።

ይህ ክብ ረጅም ዕድሜ አለው። የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ሊቁ ኒኮላይ ዲሌትስኪ እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ ስለ ዜማ ድርሰት ሲያስተምር ጽፎታል፤ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ዳቪድ ሃይኒኸንም እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው ሥራው ውስጥ የራሱን ዓይነት ክብ አውጥቷል።

ሰባቱ ስሞች

ሻርፖቹ የሚገቡበት ቅደም ተከተል መቼም አይለወጥም፦ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ። ብታዩት ይህም ራሱ ክቡ ነው፣ ከሲ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይጀምራል። እንግሊዝኛው ለዚህ የራሱ ማስታወሻ ዓረፍተ ነገር አለው፤ ለልጆቼ ግን አገር ውስጥ የሚያውቁትን ስም መስጠት መረጥኩ፦

ፊቼ፣ ሲዳማ፣ ጂንካ፣ ዲላ፣ አዳማ፣ ኢተያ፣ ቢሾፍቱ።

የመጀመሪያ ፊደላቸውን ተከተሉ። ለፍላቶቹ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ተመለሱበት፦ ቢሾፍቱ፣ ኢተያ፣ አዳማ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሲዳማ፣ ፊቼ። ማለትም ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ። ተማሪዎቼ እጃቸውን እያጨበጨቡ ነው የሚሉት፤ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ቀድመው ይይዙታል።

ከዚህ በኋላ ወረቀት ላይ ያየነውን ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው። አራት ሻርፕ አያችሁ እንበል። ፊቼ፣ ሲዳማ፣ ጂንካ፣ ዲላ፤ የመጨረሻው ዲ ሻርፕ ነው። የመጨረሻው ሻርፕ ሰባተኛው ኖታ መሆኑን ቅድም በእጃችሁ አይታችኋል፤ ስለዚህ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ውጡ፣ ኢ ሜጀር ነው። በተቃራኒውም ይሠራል። ኤ ሜጀር ስንት ሻርፕ አለው? ከኤ ግማሽ ዝቅ ስትሉ ጂ ሻርፕ ነው፤ ፊቼ፣ ሲዳማ፣ ጂንካ ብላችሁ ጂ ላይ ስትደርሱ ሦስት ሆነ።

ኖታ የምትጽፉ ከሆነ ቦታቸውንም ልመዱ። በትሬብል ክሌፍ (ለከፍተኛ ድምፆች በሚጻፈው ክሌፍ) የመጀመሪያው ኤፍ ሻርፕ የሚጻፈው የላይኛው መስመር ላይ ነው፣ ከታች ያለው ኤፍ ላይ አይደለም። ሲ ሻርፕ ሦስተኛው ክፍተት ውስጥ ነው፣ ጂ ሻርፕ ከላይኛው መስመር በላይ። ፍላቶቹ ከመካከለኛው መስመር፣ ከቢ ይጀምራሉ። እያንዳንዱ ምልክት ደግሞ ለዚያ ስም ላላቸው ኖታዎች ሁሉ ይሠራል፣ ከላይም ከታችም።

በግራ በኩል ፍላቶቹ

አሠራሩ ተገላቢጦሽ ነው። አሁን የሲን የታችኛ ግማሽ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ) ወስዳችሁ የላይኛ ግማሽ አድርጉት። ስኬሉ ከኤፍ ይነሳል፦ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ከኤ ወደ ቢ ግማሽ መሆን ሲገባው ሙሉ ስለሆነ ቢ ይወርዳል፣ ቢ ፍላት ይሆናል። ሰዓቱ ላይ 11 ኤፍ፣ 10 ቢ ፍላት፣ 9 ኢ ፍላት፣ 8 ኤ ፍላት፣ 7 ዲ ፍላት፣ 6 ጂ ፍላት። እዚህ አዲሱ ምልክት ሁልጊዜ አራተኛው ኖታ ነው። ስለዚህም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፍላት ስታዩ ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ያለው ፍላት የኪው ስም ነው። ሦስት ፍላት፦ ቢ፣ ኢ፣ ኤ። መጨረሻው ኤ ነው፣ ከእሱ በፊት ኢ ፍላት፤ ኪው ኢ ፍላት ሜጀር ነው። አንድ ፍላት ብቻ ካለ ኤፍ ነው፤ ይህቺን አንዷን በቃላችሁ ያዟት።

6 ላይ ሁለት ስም እንዳለ አይታችኋል። ኤፍ ሻርፕ ባለ ስድስት ሻርፕ፣ ጂ ፍላት ባለ ስድስት ፍላት፤ ኪቦርድ ላይ ጣታችሁ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው። 5 ላይ ቢ (5 ሻርፕ) እና ሲ ፍላት (7 ፍላት)፣ 7 ላይ ዲ ፍላት (5 ፍላት) እና ሲ ሻርፕ (7 ሻርፕ)። ሁለቱ ቁጥሮች ሁልጊዜ ሲደመሩ 12 ናቸው። የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ምልክቱ የሚያንሰውን ምረጡ፤ አንባቢውን አታድክሙት።

በንጹሕ ጆሮ ብንቃኝ ግን ክቡ አይገጥምም። ንጹሕ አምስተኛ የ3 ለ 2 ምጥጥን ነው፤ ኤ 440 ከሆነ ኢ 660። ይህን 1.5 አሥራ ሁለት ጊዜ ደጋግማችሁ ብታባዙት 129.75 ገደማ ይመጣል፤ ሰባት ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ነው፣ እጥፍ) ግን 128 ነው። ፒያኖ እያንዳንዱን አምስተኛ በጣም ጥቂት በማጥበብ ነው ክቡን የዘጋው።

ማይነር

ማይነሮቹ የራሳቸው ምልክት የላቸውም፣ ከሜጀሮቹ ይጋራሉ። ከሜጀሩ መነሻ ሦስት ግማሽ ድምፅ ውረዱ፦ ከሲ ወደ ኤ። በክቡ ላይ ከፈለጋችሁት ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ማለትም የሰዓቱ ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ነው፤ 12 ላይ ላለው ለሲ ሜጀር ማይነር ወንድሙ 3 ላይ የተጻፈው ፊደል ነው፣ ኤ ማይነር። 11 ላይ ላለው ለኤፍ ሜጀር ደግሞ 2 ላይ ያለው፣ ዲ ማይነር። ዘፈኑ ሜጀር ይሁን ማይነር ለመለየት የመጨረሻው ኮርድ የት እንዳረፈ እዩ። ምልክት የሌለው ወረቀት መሀል ላይ ጂ ሻርፕ ደጋግሞ ከገባ፣ ኤ ማይነር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ኮርዶቹ ጎረቤታሞች ናቸው

ለመዝሙር ተጫዋች ክቡ በጣም የሚከፍለው እዚህ ነው። ሲን ያዙ። በግራው ኤፍ፣ በቀኙ ጂ አለ፤ አብዛኛው መዝሙር የሚዞርባቸው ሦስት ሜጀር ኮርዶች እነዚህ ናቸው። የእነዚህ የሦስቱ ማይነር ወንድሞች ደግሞ ዲ ማይነር፣ ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነር ናቸው። ስድስቱም ከአንድ ሰፈር አይወጡም። ማይነሮቹን በክቡ ውስጠኛ በኩል፣ ከየሜጀራቸው በታች ጻፏቸው፤ ያኔ የማንኛውንም ኪ ስድስት ኮርድ በሦስት ጣት ሸፍናችሁ ታነባላችሁ። ኤ ፍላት ቢመጣባችሁ፦ ዲ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ከሥራቸው ቢ ፍላት ማይነር፣ ኤፍ ማይነር፣ ሲ ማይነር። አለቀ።

አኮርዲዮን የማግኘት ዕድል ያላችሁ የግራ እጁን ቁልፎች ተመልከቱ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድም አኮርዲዮንም ይጫወታል፤ በተለመደው አኮርዲዮን የባሱ ቁልፎች የተደረደሩት በዚሁ ክብ ነው። ሲ ላይ ለጣት ምልክት ይደረግለታል፣ ከእሱ በላይ ጂ፣ በታች ኤፍ። ኪ መቀየር ማለት እጅን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማንሸራተት ብቻ ነው፣ የጣቱ ቅርጽ አይለወጥም።

ትዝታ በክቡ ላይ

ይህን ክፍል ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ክቡ የሌላ አገር ዕቃ ነው ለሚሉኝ ተማሪዎች የማሳያቸው ይሄን ነው። ከሲ ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ተጫወቱ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። አሁን ክቡን እዩ፣ ከ12 እስከ 4፦ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ። አምስቱ የትዝታ ኖታዎች በክቡ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ አምስት ጎረቤቶች ናቸው። ከኤ ባቲ ማይነር ተጫወቱ፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ያው አምስቱ ናቸው፤ መነሻው ብቻ ተቀየረ። ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር አንድ ኪ ሲግኔቸር እንደሚጋሩት፣ ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ ይጋራሉ።

ቀጥሉ። ከኤ ትዝታ ማይነር፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ከኢ አምባሰል፦ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። እነዚህም እርስ በርስ አንድ ናቸው፣ ሁሉም ነጭ። ከሲ ባቲ ሜጀር (ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ) እንዲሁ ነጭ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን ወደ ሌላ ኪ ስትወስዱት ኪ ሲግኔቸሩ አብሮ ይሄዳል፤ ትዝታ ሜጀርን ከኤ ፍላት ለመጫወት አራት ፍላት አስባችሁ ጀምሩ።

አንቺሆዬ ግን እምቢ ይላል። ከኢ ስትነሱ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ነው። በአንድ ኪ ሲግኔቸር ውስጥ ሻርፕና ፍላት አይቀላቀሉም። ሲ ሻርፕን ዲ ፍላት ብላችሁ ብትጽፉትም አይሆንም፤ ከቢሾፍቱ ተነስቶ ዲላ ለመድረስ በኢተያና በአዳማ ማለፍ ግድ ነው፣ እዚህ ግን ኢም ኤም ፍላት አይደሉም። አንቺሆዬን የምትጽፉ ከሆነ መስመሩን ባዶ ትታችሁ ምልክቱን እዚያው ኖታው አጠገብ አድርጉ። በክራርና በማሲንቆ ሲሆን ደግሞ የቅኝቶቹ ድምፅ ከፒያኖው ጋር ልክ ለልክ እንደማይገጥም አትርሱ። ክቡ የሚያገለግላችሁ ለኪቦርዱ ነው፤ የክራር ተጫዋቹን ቅኝት በኪቦርድ ልታርሙ አትነሱ።

ልምምዱ

በቀን አንድ ኪ በቂ ነው። ስኬሉን ተጫወቱ፣ ኪ ሲግኔቸሩን በእጃችሁ ጻፉ፣ ስድስቱን ኮርድ አግኙ፣ ከዚያ የምታውቁትን አንድ መዝሙር በዚያ ኪ ሞክሩ፣ ትራንስፖዝ ዜሮ ላይ ሆኖ። መብራት ከሌለ ወረቀት ላይ ሁለት ኦክታቭ ቁልፍ ሥላችሁ ጣታችሁን አስኪዱ፤ ድምፁን በአፋችሁ አውጡት። ቀኝ ቀኙን ብቻ አትዙሩ። ወደ ግራ መዞር የበለጠ ይጠቅማል፤ ኮርዶች በዘፈን ውስጥ መሄድ የሚወዱት በዚያ በኩል ነው፦ ከኢ ወደ ኤ፣ ከኤ ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ሲ።

ዘፋኟ “አውርዱልኝ” ስትል

ሐይቁ ዳር ካሉት አዳራሾች በአንዱ ሠርግ እየሠራን ነው እንበል። ዘፈኑ በዲ ነው፣ ሁለት ሻርፕ። ከቀትር ጀምሮ የዘፈነችው ልጅ ጉሮሮዋ ደክሟል፤ ዘወር ብላ “ግማሽ አውርዱልኝ” ትላለች። ለእሷ ግማሽ ድምፅ ትንሽ ነገር ነው። በክቡ ላይ ግን ከ2 ወደ 7 ነው፣ ዲ ፍላት፣ አምስት ፍላት። ዲ፣ ጂ፣ ኤ የነበሩት ኮርዶች ዲ ፍላት፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ፍላት ሆኑ። ኪቦርዱ በትራንስፖዝ ያመልጣል፤ ባስ ጊታሩ በአንድ ፍሬት (አንገቱ ላይ ባለው በአንድ ክፍል) ይወርዳል፤ ነፋሾቹ ግን በጭንቅላታቸው ነው የሚሠሩት። ሙሉ ድምፅ ብትወርድ ሲ ነው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብቻ፣ ለሁሉም ቀላል። ስለዚህ “ሙሉ ብናወርደውስ?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ግማሹ ነው የሚመቸኝ ካለች ግን ግማሹ ይሁን፤ ተጫዋች ነው ለዘፋኝ የሚታዘዘው።

ለነፋሾቹ ኪ ስትነግሩ

ቴነር ሳክስፎንና የተለመደው ትራምፔት የቢ ፍላት መሣሪያዎች ናቸው፤ ሲ ብለው ሲነፉ የሚሰማው ቢ ፍላት ነው። ስለዚህ የእናንተን ኪ በክቡ ላይ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ውሰዱላቸው። አልቶ ሳክስፎን የኢ ፍላት ነው፤ ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ። እናንተ በኢ ፍላት ከሆናችሁ፣ ቴነሩ በኤፍ፣ አልቶው በሲ ያነባሉ፤ ሁለቱም ይደሰታሉ። እነ ጌታቸው መኩሪያ ቴነርን ባናገሩበት አገር ነፋሽ ባንዱ ውስጥ እንግዳ አይደለም፣ ኪ ሲመረጥ እሱም ይታሰብ።

ግጭቱ የሚመጣው ከጊታሩ ጋር ነው። ጊታሪስት ኢ ይወዳል፤ ክፍት ክሮቹ ያግዙታል። ኢ ግን 4 ላይ ነው፤ ቴነሩ ወደ 6 ይሄዳል፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ስድስት ሻርፕ። አልቶው 7 ላይ፣ ሲ ሻርፕ፣ ሰባት ሻርፕ፤ ወይም ዲ ፍላት ብሎ በአምስት ፍላት ያነበዋል። እዚህ ላይ ጊታሪስቱን ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ባንድነት የሚጫነውን መያዣ) አውጣ በሉት። አንደኛው ፍሬት ላይ አጥብቆ የለመዳቸውን የኢ ቅርጾች ይያዝ፤ የሚሰማው ኤፍ ይሆናል። ኪቦርዱና ባሱ ኤፍ ላይ፣ አንድ ፍላት፤ ቴነሩ በጂ፣ አንድ ሻርፕ፤ አልቶው በዲ፣ ሁለት ሻርፕ።